አላዩትም ወይስ አልገባቸውም? አፕና ድረ ገጽ ስንፈትሽ የትኛውን የዓይን መከታተያ እንምረጥ

ደብረ ብርሃን ላይ አፕ የሚሠሩ ወይም ስለ ድረ ገጽ አጠቃቀም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «የዓይን መከታተያ መሣሪያ ላስመጣ ወይስ በላፕቶፔ ካሜራ ልሥራው?» ይሉኛል። የዓይን መከታተያ ማለት ሰው ስክሪን ላይ የቱን ቦታ እንዳየ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። እኔም መልሼ «ለመሆኑ ምን ለማወቅ ነው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ቀድሞ ይመረጥና ጥያቄው በኋላ ይፈለግለታል። እንዲህ የተሠራ ጥናት ዓይን ብዙ ያረፈበትን ቦታ የሚያሳይ፣ ቀይና ቢጫ የፈሰሰበት የሚያምር ሥዕል ይዞ ይወጣል። አፑ ግን እንደነበረው ይቀራል፣ ተጠቃሚውም እንደተቸገረ ይቀጥላል።

ስለዚህ ከጥያቄው እንነሳ። አንዲት እናት ሐዋሳ ለምትማር ልጃቸው በስልክ ገንዘብ እየላኩ ነው እንበል። ቁጥሩንም መጠኑንም አስገብተዋል። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከታች አለ። እሳቸው ግን አይነኩትም። ይህ በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ወይ ቁልፉን ጭራሽ አላዩትም፣ ወይ አይተውታል ግን «ገንዘቡ አሁኑኑ ሊሄድ ነው?» ብለው ፈርተዋል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ጣታቸው ቆሟል። መፍትሔው ግን ለየቅል ነው። ካላዩት ቁልፉን ማጉላት፣ ቀለሙን ማድመቅ፣ ወደ ላይ ማምጣት ነው። አይተው ከፈሩት ግን ቁልፉን ማግዘፍ ፍርሃቱን ማባስ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ቃሉን መቀየር ወይም «ገና አልተላከም» የሚል አንድ መስመር መጨመር ነው።

የዓይን ክትትል ዋጋውን የሚያወጣው ይህን ለመለየት ነው። ጥያቄያችሁ ሌላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ርካሽ መንገድ አለ፣ እሱንም አብረን እናያለን።

ዓይን ምን ያደርጋል?

ዓይናችን ገጽ ላይ በቀጥታ መስመር አይሄድም። ይዘላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። ሲያነብ አንዱ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይቆያል። የምናስተውለው ባረፍንበት ቅጽበት ነው፤ በዝላዩ መሃል አጥርተን አናይም። አጥርቶ የሚያየው የዓይን ክፍልም ጠባብ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ፤ በአንድ ጊዜ አጥርታችሁ የምታዩት ያችኑ ያህል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፖል ፊትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አብራሪዎች አውሮፕላን ሲያሳርፉ የትኛውን መሣሪያ እንደሚያዩ በፊልም ካሜራ እየቀረጹ አጥንተዋል። ሩሲያዊው አልፍሬድ ያርቡስ ደግሞ አንድን ሥዕል ለአንድ ሰው እያሳየ ጥያቄውን ሲቀያይር የዓይኑ ጉዞም አብሮ እንደሚቀየር አሳየ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ይህን አስታውሱት። «ገጹን እስቲ እዩት» ብላችሁ የሰበሰባችሁት ዳታና «ለልጅዎ 500 ብር ይላኩ» ብላችሁ የሰበሰባችሁት ዳታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁልጊዜ ሁለተኛውን ምረጡ፤ ሰው አፕ የሚከፍተው ሊያየው ሳይሆን ሥራ ሊሠራበት ነው።

ያለ ምንም መሣሪያ

የመጀመሪያው አማራጭ ነፃ ነው። ሰውየውን አስቀምጡት፣ ሥራ ስጡት፣ እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ጠይቁት፣ ስክሪኑን ቅረጹ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰው ብቻ ብትፈትኑ ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ታገኛላችሁ ብሎ ጽፎ ነበር። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቢሆንም ጥቂት ሰው ፈትኖ፣ አርሞ፣ እንደገና መፈተን ጥሩ መንገድ መሆኑን የሚክድ ጥቂት ነው።

እኛ አገር ግን ይህ መንገድ አንድ ትልቅ እንቅፋት አለበት፤ ይሉኝታ። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ሄዳችሁ አንድ አዛውንት ፊት አፕ ብታቀርቡ፣ አፑ ቢያስቸግራቸውም «ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ እኔ ነኝ እንጂ ያላወቅሁት» ይሏችኋል። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጉታል። የደከመ ሰው ፊት ሥራውን መንቀፍ ነውር ነው። በዚያ ላይ እየሠሩ ብቻን ማውራት ለብዙ ሰው ግራ ነው።

ለዚህ መላ አለው። ሁለት ጎረቤታሞችን አብራችሁ አስቀምጡና አንዱን ስልክ ለሁለት ስጧቸው። «ኧረ እሱ አይደለም፣ ያንን ንኪው» «ቆይ፣ ይኸ ደግሞ ምንድነው?» እየተባባሉ ሐሳባቸውን ሳትጠይቋቸው ያወጡታል። እናንተ ዝም ብላችሁ ጻፉ። ባጀት ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ከሁሉም በፊት ይህን ሞክሩ እላለሁ።

መጠይቅም አለ። ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው አሥር ጥያቄ ያለው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ከመቶ 68 አካባቢ እንደ መካከለኛ ውጤት ይቆጠራል። ምን ያህል እንደከበዳቸው ይነግራችኋል እንጂ የት ላይ እንደከበዳቸው አይነግራችሁም። የሚነኩትን ቦታ የሚመዘግብ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ የተነካውን ያሳያል። የኛ እናት ግን ምንም አልነኩም።

ዌብካም

ዌብካም ብዙ ተማሪ የሚመርጠው ነው፤ ምክንያቱም ላፕቶፑ ላይ አለ። በጣም የሚታወቀው ነፃ ሶፍትዌር ዌብጌዘር ይባላል። ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። በብራውዘር ውስጥ ይሠራል፣ የሰውየውን ቪዲዮ ወደ ሌላ ቦታ መላክ አያስፈልገውም። ሰው የሚጫነውን ነገር ሲጫን ያየዋል በሚል ሐሳብ ከማውሱ እየተማረ ራሱን ያስተካክላል። በነፃ የተሠራ ነገር ይህን ያህል መሥራቱ የሚደነቅ ነው።

ችግሩ ስህተቱ ነው፤ ማለትም ሰውየው በእርግጥ ባየው ቦታና መሣሪያው አየው በሚለው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት። የዌብካም ክትትል ስህተት ብዙውን ጊዜ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ በሥራ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ከስክሪኑ 60 ሴንቲሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው አንድ ዲግሪ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 4 ዲግሪ ማለት 4 ሴንቲሜትር ነው። ላፕቶፕ ላይ ሰውየው የግራውን ዓምድ አየ ወይስ የቀኙን የሚለውን ለማወቅ ይበቃል። «አረጋግጥ»ን አየ ወይስ ጎኑ ያለውን «ሰርዝ»ን የሚለውን ለማወቅ ግን አይበቃም። ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል። በ35 ሴንቲሜትር ርቀት 4 ዲግሪ 2.4 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። አንድሮይድ የሚመክረው የቁልፍ መጠን 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ብቻውን ከሁለት ቁልፍ በላይ ይውጣል።

ሌላም አለ። ዌብካም የሚሠራው በሚታይ ብርሃን ነው። የኛ ዓይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ በዚያ ብርሃን ብሌኑ ከዙሪያው በደንብ አይለይም። ክፍሉ ደብዘዝ ካለ ወይም ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ውጤቱ ወዲያው ይበላሻል። ሰውየው ጭንቅላቱን ካንቀሳቀሰም ያው ነው።

ስለዚህ ዌብካምን መቼ? ገጹ ትልቅ፣ ጥያቄያችሁም ሰፊ ሲሆን። ለምሳሌ ከላይ ያለውን የማስታወቂያ ፎቶ ያዩታል ወይስ አልፈውት ወደ ምዝገባው ይወርዳሉ? ለዚህ ጥሩ ነው። ለስልክ አፕ ቁልፎች ግን አትጠቀሙበት። መመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይም ስህተቱን በሴንቲሜትር አስልታችሁ ጻፉ፤ ፈታኝ መምህር ሳይጠይቃችሁ ብትጽፉት ይሻላል።

ስክሪን ሥር የሚቀመጠው

ከስክሪኑ ሥር የሚገጠም ቀጭን ዘንግ ነው። ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል። ካሜራው ብሌኑን ያያል፤ ብርሃኑ ከዓይን ፊት ላይ ሲያንጸባርቅ የሚፈጥራትን ነጥብም ያያል። ከሁለቱ አቀማመጥ ተነስቶ ዕይታው የት እንዳረፈ ያሰላል። በኢንፍራሬድ ቡናማ ዓይን ፈካ ብሎ ይታያል፣ ብሌኑም በደንብ ይለያል። ስለዚህ ለኛ ዓይን ከዌብካም ይልቅ ይህ ይስማማል። ስህተቱም በጥሩ ሁኔታ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ነው። ስልክ ላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ቁልፍ ከቁልፍ ይለያል።

ሻጮች ስለ ፍጥነት ብዙ ያወራሉ። አትደናገጡ። 60 ኸርዝ መሣሪያ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመዘግባል። በ200 ሚሊሰከንድ ዕረፍት ውስጥ 12 ጊዜ ይለካል ማለት ነው፤ ለአጠቃቀም ፍተሻ ይበቃል። የካናዳው ጌዝፖይንት ጂፒ3 እና የስዊድኑ ቶቢ ፕሮ ስፓርክ በዚህ ፍጥነት የሚሠሩ ናቸው። ቶቢ ፕሮ ስፔክትረም 1,200 ኸርዝ ይደርሳል። አይሊንክ 1000 ፕላስ ደግሞ 2,000 ይደርሳል። እነዚህ ዝላዩን ራሱን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ናቸው። ቁልፍ ለመፈተሽ እነሱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለጌም የሚሸጡ ርካሽ መሣሪያዎችም አሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፈቃዱን አንብቡ። ቶቢ ለጌም በሚሸጠው መሣሪያ ዳታ አከማችቶ ለመተንተን የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ለኔ ቁጥሩ አይደለም፤ ቅጂውን መልሶ ማሳየቱ ነው። አንድ አባት ገንዘብ የመላክ ሙከራ ሲሠሩ አይቻለሁ። ሥራውን ጨረሱ፣ «ምንም አልቸገረኝም» አሉ። ቅጂውን ስናጫውተው ዓይናቸው «አረጋግጥ» ላይ ደረሰና ወደ መጠኑ ተመለሰ። እንደገና ወረደ፣ እንደገና ተመለሰ። መጠኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በትንንሽ ዝላይ ይሄዳል። «አባባ፣ እዚህ ጋ ቆም ብለው ነበር። ምን እያዩ ነበር?» ስንላቸው ሳቅ አሉና «ዜሮውን እየቆጠርኩ ነዋ!» አሉ። ገጹ ላይ የተጻፈው 15000.00 ነበር፤ ያለ ኮማ። ነጥቧ አልታየቻቸውም፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንዳይሆን ፈርተዋል። ይሉኝታ የደበቀውን ዓይን አወጣው። ለማረም የሚያስፈልገው አንዲት ኮማ ነበረች። እኚህ አባት ገጹን ነቀፉ እንዳይባሉ ሆነው ነው የተናገሩት፤ የራሳቸውን ዓይን አይተው ታሪኩን ተረኩልን እንጂ አፑን አልወቀሱም። ለሰሜን ሸዋ ሰው የሚስማማው አጠያየቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዳቱስ? ዋጋው። ለምርምር የሚሆኑት ትልልቆቹ በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራሉ። ትንንሾቹ በብዙ እጥፍ ያንሳሉ፤ ያም ሆኖ ዶላር ነው፣ ጉምሩክ አለበት። ሶፍትዌሩ ለብቻ የሚከፈልበት መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ለጥቂት ሳምንት በውሰት መጠየቅ አያሳፍርም። ስልክ ስትፈትኑ ደግሞ ስልኩ መቆሚያ ላይ ይታሰራል። ሰው ስልኩን በእጁ እንደያዘው አይሆንም፤ ለዚህ ነው ቀጣዩ አማራጭ ያለው።

መነጽሩ

ሰውየው ካሜራ ያለው መነጽር ያደርጋል፣ ስልኩን በእጁ ይዞ እንደልቡ ይሠራል። የጀርመኑ ፑፒል ላብስ ድርጅት ኮር የተባለው መነጽር ሶፍትዌሩ ነፃና ክፍት ነው። የዚያው ድርጅት ኒዮን የተባለው መነጽር ካሊብሬሽን፣ ማለትም መሣሪያውን ከሰውየው ዓይን ጋር አስቀድሞ ማስተካከል፣ አይፈልግም፤ አድርጎ መጀመር ነው። ቶቢም የራሱ መነጽር አለው። ለኤቲኤም፣ ለመስኮት አገልግሎት፣ ወረቀትና ስልክ አብሮ ለሚያዝበት ሥራ ከዚህ የተሻለ የለም። የአርሶ አደር መረጃ የሚሰበስብ የልማት ሠራተኛ ቆሞ፣ መዝገብ በብብቱ ይዞ ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ መነጽር ነው የሚሆነው።

ግን የመተንተኑ ድካም ከባድ ነው። ስልኩ ስለሚንቀሳቀስ የዓይኑን ነጥብ ወደ ስክሪኑ ማዛመድ ብዙ ሰዓት ይበላል። ሰውየው የራሱ መነጽር ካለው ሌላ ችግር ነው። መንገድ የሚያልፍ ሰው ፊት ሁሉ ይቀረጻል። አንድ ሰው ብቻውን ለሚሠራው ጥናት አልመክረውም።

እዚህ አገር ላይ የሚያጋጥም

መሣሪያው ከመጣ በኋላ ውጤቱን የሚወስነው ክፍሉ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ ኃይለኛ ናት። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ አለበት። ፊት ላይ ካረፈ መሣሪያው የራሱን ብርሃን ከፀሐይዋ መለየት ያቅተዋል። ወፍራም መጋረጃ ያለው ክፍል ምረጡ። ወንበሩ ጎማ የሌለውና የማይሽከረከር ይሁን።

ብርድ ስለሆነ ጋቢ ይለበሳል። ጋቢ ግንባር ላይ ሲወርድ ወይም ነጠላ ዓይን ላይ ጥላ ሲጥል መሣሪያው አንዱን ዓይን ያጣል። «እማማ፣ ነጠላውን ከግንባርዎ ትንሽ ገለል ያድርጉልኝ» ማለት ይበቃል። አውልቁ አትበሉ። ኩልና የሽፋሽፍት ቀለም ያስቸግራል፤ ጥቁር ስለሆነ ሶፍትዌሩ ብሌን ሊመስለው ይችላል። ቀድማችሁ በስልክ ስትቀጥሯቸው በትሕትና ንገሯቸው። የመነጽር ነጸብራቅም ያው ነው፣ ዘንጉን ትንሽ ዝቅ ማድረግ አንዳንዴ ይረዳል።

ካሊብሬሽኑ ስክሪን ላይ የሚዘዋወር ነጥብ በዓይን መከተል ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም ይሠራዋል። «ዓይንዎን አያንቀሳቅሱ» ግን አትበሉ፤ ሰው ይደነግጥና ይደርቃል። «ነጥቧን እያዩ ይከተሏት» በሉ። በመሃል መብራት ከሄደና ስክሪኑ ከጠፋ እንደገና ካሊብሬት አድርጉ።

ሥዕሉን ስናነብ

መጀመሪያ ያነሳሁት ባለቀለም ሥዕል ላይ ቀይ ቦታ ማለት ብዙ ታየ ማለት ብቻ ነው። ወይ ስቧቸዋል፣ ወይ ግራ አጋብቷቸዋል። የትኛው እንደሆነ ሥዕሉ አይነግራችሁም፤ ሰውየውን መጠየቅ አለባችሁ። የታየ ነገር ሁሉ ገባቸው ማለትም አይደለም።

የሰው ብዛትም አለ። አምስት ሰው የሚበቃው ለማነጋገር ነው። የኒልሰን ድርጅት የሚታመን የቀለም ካርታ፣ ማለትም ያንኑ ባለቀለም ሥዕል፣ ለማውጣት 39 ሰው ይመክራል፣ የአንዳንዱ ቅጂ ስለሚበላሽ። ስድስት ሰው ፈትናችሁ የቀለም ካርታ አታውጡ። የስድስቱን ቅጂ አንድ በአንድ ተመልከቱና አብራችሁ ተወያዩበት፤ ብዙ ታተርፋላችሁ።

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ሰው ድረ ገጽ ሲያነብ ከላይ ሁለት አግድም መስመር፣ ከዚያ በግራ ወደ ታች እንደሚወርድ ጽፏል። አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ተመሳሳይ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ፊደላችን ትልቁንና ትንሹን አይለይም፣ ርዕስን በትልቅ ፊደል ማጉላት የለም። ቅርጸ ፊደሉ ትንሽ ከሆነም ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሸ ይምታታሉ። የራሳችሁን ገጽ በራሳችሁ ሰዎች ፈትኑ።

እኔ ብሆን

ባጀት የሌለው ተማሪ ብሆን በሁለት ጎረቤታሞች እጀምራለሁ። ገጹ ለላፕቶፕ ከሆነና ጥያቄዬ ሰፊ ከሆነ ዌብካሙን እጨምራለሁ። የብድርና ቁጠባ ወይም የመንግሥት አገልግሎት አፕ የሚሠራ ቡድን ብሆን 60 ኸርዝ ዘንግ ተውሼ ወይም ገዝቼ፣ ስምንት ያህል ሰው ፈትኜ፣ ቅጂውን አብሬያቸው አያለሁ። ግማሾቹን ከከተማ፣ ግማሾቹን ከገጠር ቀበሌ አመጣለሁ፤ ደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ ብቻ ፈትኖ ለመንዝ አርሶ አደር አፕ መልቀቅ ትክክል አይመስለኝም። መነጽሩን ሥራው ከጠረጴዛ ውጭ ካልሆነ አልነካውም። 1,000 ኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነውን ለምርምር ቤተ ሙከራ እተወዋለሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚስጥር ቁጥር ጉዳይ አለ። ሰው ፒን ሲያስገባ ዓይኑ ቁጥሮቹን ተራ በተራ ያያል። ጥሩ መሣሪያ ከሆነ ቅጂውን ያየ ሁሉ ፒኑን ሊያነበው ይችላል። የሙከራ አካውንትና የሙከራ ፒን አዘጋጁ፤ በሰውየው እውነተኛ አካውንት በፍጹም አትፈትኑ። የፊት ቪዲዮም የግል መረጃ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ፈቃድ ስትጠይቁ ወረቀት አስፈርማችሁ ብቻ አትለፉ። ምን እንደሚቀረጽ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ በቃል ንገሯቸው። «ካልፈለጉ አሁንም ማቆም ይችላሉ» ስትሏቸው በይሉኝታ «ኧረ ይሁን» ሊሉ ስለሚችሉ፣ ከሙከራው በኋላም አንዴ ጠይቁ፤ ቅጂውን ይያዙ ወይስ ይጥፋ የሚለውን ያን ጊዜ ይወስኑ።